የጠፋ ዕቃ ዕቁብ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ማይኩ ዛሬም እምቢ አለ። በባዶ ጉሮሮ ጮኽኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ነው የሚዘምሩት። ባንዲራ ወጣ። ከዚያ የኔ ተራ። «የጠፋ ዕቃ ያገኘ?» ስል ከየሰልፉ እጅ ወጣ። እስክሪብቶ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ አንድ እግር ካልሲ። (ካልሲ ት/ቤት ውስጥ እንዴት ይጠፋል? አልጠየቅሁም።) ያገኘው ልጅ ወደ ፊት ይወጣል፣ ስሙ ይጠራል፣ ት/ቤቱ በሙሉ ያጨበጭብለታል። ጭብጨባው ለብርዱም ሳይበጅ አይቀርም።

ይታይሽ ዛሬም ወጣች። የ5ኛ «ለ» ተማሪ፣ የልብስ ሰፊው የጋሽ ባዬ ልጅ። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው። ሲጨበጨብላት ግን ቀና ትላለች። እሷን ሳይ ሥራዬን እወደዋለሁ።

እንዴት እንደጀመርኩት ነግሬሽ ነበር፣ ደብተሬ፤ ልድገምልሽ፣ ዛሬ መኩራት አምሮኛል። መስከረም ላይ በየክፍሉ ዕቃ ይጠፋል፣ ልጆች ይካሰሳሉ፣ ወላጅ እየመጣ ይጮኻል። የግብረ ገብ መምህርቷ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ወደኔ ይላካል። «ታማኝነት» የሚለውን ምዕራፍ አስተማርኩ። ፈተንኩ። ታማኝነት ምን እንደሆነ አሳምረው ጻፉ፤ ግማሾቹ ከጎናቸው እየገለበጡ። ለመምህራን ስነግራቸው ተሳሳቅን፤ ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅሁም። በቃል ካልሆነ በጭብጨባ ይሁን አልኩ። ሆነ። ክስ ቆመ። የሚመለስ ዕቃ በየቀኑ በዛ።

ትልቁ ወሬ ግን ይኸውልሽ። ር/መምህራችን አቶ ደመላሽ ከሰልፍ በኋላ ቢሮው ጠራኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሞጣ ላይ «የምርጥ ተሞክሮ» ስብሰባ አለ። የኛ የጭብጨባ ሰልፍ ተመርጧል። አቅራቢዋ እኔ። ይታይሽም በሞዴል ተማሪነት አብራ ትሄዳለች።

ሞጣ። እናቴ ያለችበት። ዓይኗ ከዓመት ዓመት እየደከመ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ገበያ እየወጡላት፣ እኔ እዚህ ቢቸና የሰው ልጅ አሳድጋለሁ። የዝውውር ማመልከቻዬ ስንት ጊዜ ወድቆ ቀረ። አቶ ደመላሽ ዘንድሮ የድጋፍ ደብዳቤ ከተሞክሮው ጋር አያይዞ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። ከቢሮው ስወጣ እያንጎራጎርኩ ነበር መሰለኝ፤ የጥበቃው ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ። ከምሳ በፊት

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን አትታዘቢኝ።

እረፍት ላይ ልጆቹ ሜዳ ወጥተዋል። ጠመኔ ረስቼ ወደ 5ኛ «ለ» ተመለስኩ። በመስኮቱ በኩል ሳይ ይታይሽ ብቻዋን አለች። የቤዛን ቦርሳ ከፈተች። ቤዛ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ አባቷ ወፍጮ ቤት ያለው ልጅ ናት። ይታይሽ መቅረጫ አወጣች። ሮዝ መቅረጫ። ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው፣ በጥንቃቄ፣ ዚፑን እስከ ጫፍ። መቅረጫውን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች።

አልገባሁም። ከመስኮቱ ሸሸሁ። እኔ ነኝ የሸሸሁት፣ ልብ በይልኝ።

ቀጥሎ የኔ ክ/ጊዜ ነበር። ገና ደብተር ሳያወጡ እጅ አወጣች። መቅረጫ ወድቆ እንዳገኘች ተናገረች። ልጆቹ ወደኔ ያያሉ፣ ጭብጨባውን የምጀምረው እኔ ነኛ። አጨበጨብኩ። እሷም ቀና አለች።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ጠራኋት። ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። ከየት እንዳገኘችው ብቻ ጠየቅኋት። አልዋሸችም። ከቤዛ ቦርሳ አለች፣ ወዲያው፣ ጠያቂ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ነገረችኝ።

ዕቁብ ነው። የጠፋ ዕቃ ዕቁብ። ልጆቹ ዕጣ ይጥላሉ። የዛሬ ባለ ዕጣ «አግኚ» ይሆናል፣ ሌላው ዕቃውን «ይጥልለታል»፣ ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል፣ ነገ ደግሞ የሌላው ተራ ነው። ቤዛ የዕቁቡ ዳኛ ናት። 5ኛ «ለ» ብቻ እንዳይመስልሽ፣ «ሀ»ም አለ፣ አራተኛ ክፍልም ጀምሯል። ያ ካልሲ እንኳ ተራ ደርሶት ነው።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። አባቶቻቸው ዕቁብ ሲጥሉ እያዩ ያደጉ ልጆች፣ ጭብጨባውንም እኩል ለመካፈል ዘዴ አበጁለት። ከኔ ትምህርት የነሱ ዳኝነት ሳይሻል አይቀርም።

ከዚያ አንቺስ ዕጣሽ መቼ ነው አልኳት። ዕቁቡ ውስጥ የለችም። አላስገቧትም።

«እኔ የሚጠፋ ነገር የለኝም ቲቸር። እስክሪብቶዬን ከጣልኩት በምን እጽፋለሁ?»

ሳቄ ጠፋ። ዕቃ ያለው ዕቃውን ይጥላል። የሌለው የሚጥለው የለውም። ስለዚህ ከሰው ቦርሳ አወጣች፣ መልሳም ሰጠች። አንድም ለራሷ አላስቀረችም። ይህን መሐላ ሳልጠይቃት አምናታለሁ። ግን ስሙ ምንድን ነው? ሌብነት ነው? የግብረ ገብ መጽሐፋችን ውስጥ ፈለግሁ። የለም።

በቀጥታ ወደ ር/መ ቢሮ ሄድኩ። ልነግረው። በሩ ክፍት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሞጣውን ፓወር ፖይንት ይሠራል፤ ይታይሽ ሰልፍ ላይ ቀና ብላ የተነሳችውን ፎቶ አስገብቶ ያጎላዋል። ዞር ብሎ የድጋፍ ደብዳቤው ተፈርሞ ማህተም መመታቱን ነገረኝ። እናቴንም ጠየቀልኝ፣ ዓይኗ እንዴት ነው አለ። ጥሩ ሰው ነው፣ ይህን ልመስክርለት።

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለይታይሽ ያልኳት ይኸው ነው፦ ከሞጣ እስክንመለስ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከዚያ በኋላ እናስተካክለዋለን። ፊቷ በራ። ሸክሟን የተቀበልኳት መስሏት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በመኪና ነው ወይ የምንሄደው?

ኅዳር 14፣ እሁድ

ነገ ጾም ይገባል። ቅዳሴ አስቀድሼ መጣሁ፤ ከቅዳሴው አንድ ቃል አላስታውስም።

ለራሴ የምነግረውን ስሚ። ልጅቱን አልጎዳሁም። እንዲያውም ሸፈንኳት። ስብሰባው አንድ ቀን ነው። እናቴ ብቻዋን ናት። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ?

ስጽፈው ከማሰቡ ይልቅ ያስጠላል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ሞጣ

ማለዳ ከአቶ ደመላሽ ጋር ተነሳን። ይታይሽ የአባቷን ስፌት የሆነ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከትርፍራፊ ጨርቅ ነው ግን ስፌቱ ልክክ ያለ። ጋሽ ባዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሁለት እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። መንገዱ ክፍት ነው ተባለ፣ እግዜር ይመስገን፤ ባለፈው ሳምንት ዝግ ነበር። ደብረ ወርቅን አለፍን። ጉንደ ወይን ስንደርስ ልጅቱ አስመለሳት። ፌስታል ያዝኩላት። መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። አፏን ጠርጋ በመስኮት ማየቷን ቀጠለች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። የታሸገ ውሃ፣ ባነር፣ ረጅም የመክፈቻ ንግግር። «ክፍተት»፣ «ግብዓት»፣ «ተሞክሮን ማስፋት»። ተራዬ ደረሰ። ተናገርኩ። አሳምሬ ተናገርኩ ይባላል። ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ይታይሽን ወደ ፊት ጠሯት። የሰው ዕቃ ስትመልስ ምን ይሰማታል ብለው ጠየቋት። አቶ ደመላሽ ያስጠናትን አለች፣ ታማኝነት ለራስ ነው አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰልፍ ላይ እንደምታደርገው ቀና ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። እኔን አየችኝ። ዓይኔን ወደ ውሃ ጠርሙሴ አዞርኩ።

ከጉንደ ወይን የመጡ አንድ ሽበታም መምህር ተነስተው ጠየቁ። ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት የቆዩ እንደሆኑ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። «የሚያጨበጭብ በሌለበትሳ የሚመልስ ልጅ አላችሁ ወይ?» አቶ ደመላሽ በሂደት እናየዋለን ብሎ መለሰ። ሰውየው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልነበረም።

ሽልማት ተሰጠ። ለኔ የምስክር ወረቀት። ለይታይሽ የምስክር ወረቀት፣ ቦርሳና የጂኦሜትሪ ዕቃ በቆርቆሮ ሳጥን፤ ኮምፓስ፣ ማስመሪያ፣ ሁሉ ያለው። ሳጥኑን እየከፈተች እየዘጋች መጣች።

እናቴ ቤት አደርን። ይታይሽ እንደገባች በእናቴ መርፌዎች አንድ በአንድ ክር አስገባችላት፣ የሰፊ ልጅ አይደለች። እናቴ መርቃ አልጠገበችም። ወደኔ ዞራ ግን፣ «አንች ልጅ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኩ። የምስክር ወረቀቴን አስዳሰስኳት። ዳር ዳሩን ዳሰሰችና ሳቀች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። ሁሌም የምትለው ነው። ዛሬ ግን ሳቄ አልመጣም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ከሞጣ ከተመለስን ሰነበትን። እናስተካክለዋለን ብዬ ነበር። አላስተካከልኩም። ማክሰኞ ይሁን፣ ከፈተና በኋላ ይሁን፣ ደብዳቤው ዞን ይድረስ። ሰበብ ካልሽ እኔ ዘንድ ሞልቷል።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር። ሰልፋችንን በቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች ከዞን ይመጣሉ። አቶ ደመላሽ ግቢውን በኖራ ያስቀባል። ይታይሽ በአዲስ ቦርሳ መጥታለች። ስታየኝ ሮጣ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ። ዕቁቡ ውስጥ ገብታለች። አሁን የሚጠፋ ነገር አላት።

ያኔ ማስቆም ነበረብኝ። ጎሽ አልኳት።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሆነ። የፈራሁት ሆነ።

ይታይሽ ትናንት የመጣል ተራዋ ደርሶ የጂኦሜትሪ ሳጥኗን «ጣለችው»። ባለ ዕጣው ልጅ ዛሬ ሰልፍ ላይ ሊያመጣው። ጠየቅሁ፣ «የጠፋ ዕቃ ያገኘ?» እስክሪብቶ መጣ፣ ላጲስ መጣ። ሳጥኑ አልመጣም። ከሰልፉ መሐል ስታየኝ ይታየኛል። ደግሜ ጠየቅሁ። ማንም።

ክፍል ገብተን አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ እሷ። ሳጥኔን አምጡ አለች። ልጆቹ እኛ አላየንም አሉ። ባለ ዕጣው ልጅ የተባለው ቦታ ሄጄ አጣሁት ብሎ ይምላል። ቤዛ ተነሳች። «አንቺ'ኮ ቦርሳዬን ከፍተሽ መቅረጫዬን ወስደሻል፤ እኔ ዝም ብዬሽ ነው እንጂ» አለች። ለካ ታውቅ ነበር። ከዚያ ያንን ቃል አንዱ ተናገረ። ሌባ። ክፍሉ ተቀበለው። ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ በአንድ ምት። ጭብጨባ የለመደ እጅ ምቱን አይስትም።

አቶ ደመላሽ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ቤዛን ጠየቀ፣ ይታይሽን ጠየቀ። ይታይሽ የመቅረጫውን አልካደችም። ይህን ለቲቸር ነግሬያለሁ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። እንዳትናገሪ ብያታለሁ፣ ቃሏን ጠበቀች። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ውሳኔው በአጭሩ፦ ወላጅ ይጠራ። ካርዷ ላይ ጠባይ የሚለው መስመር ዝቅ ይበል። ለቪዲዮው ቤዛ ትተካ። የዕቁቡ ነገር እንግዶቹ እስኪሄዱ አይነሳ። ት/ቤቱ ስም አለው፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አለኝ። የማን ስም? ይህን እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩም።

ከሰዓት ልጅቱ ስትወጣ አጥሩ ሥር የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ያንን ቃል እየጮኹ ተከተሏት። አዲሱን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ትናንትም ዛሬም አልመጣችም። ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፣ እንዲህ ቶሎ።

በግብረ ገብ ክ/ጊዜ ቀጣዩ ምዕራፍ «ኃላፊነት» ነው። መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ዘጋሁ። ሥዕል ሣሉ አልኳቸው። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ክፉ ናቸው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ጭብጨባ ፈለጉ፣ ዋጋውን ያስቀመጥኩላቸው እኔ። ልጅ መመልከት በጭብጨባ አይደለም። ክፍል ስገባ ይታይሽ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ሳያት አጠገቧ ሄጄ ምን ሆነሽ ብላት ምናልባት ግብረ ገብ ያ ነበር። ለዚያ ግን ክ/ጊዜ አልተመደበለትም፣ ለሪፖርትም አይመችም።

እናቴ ደወለች። ያችን ልጅ ሰላም በይልኝ አለች። የጋብቻ ቀለበቷ ጠፍቶባት እንደነበር ታውቂያለሽ፣ ክረምት ላይ ያለቀስንበት። ይታይሽ ጠዋት ቤቱን ስትጠርግ ከአልጋው ሥር አግኝታ ጣቷ ላይ አጥልቃላት ኖሯል። እኔ ውጭ ፊቴን እታጠብ ነበር፤ እናቴም ልጅቱ የነገረችኝ መስሏታል። በመንገድ ሁሉ አብረን ስንመለስ አንድ ነገር አልነገረችኝም። ነገሩን እንደ ነገር አልቆጠረችውም።

የሚያጨበጭብ አልነበረም። ስልኩን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ጋሽ ባዬ ሱቅ ሄድኩ። ሱቅ ልበለው እንጂ በረንዳ ነው፤ አንድ የእግር መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የይታይሽ የምስክር ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የክር ጫፍ ትቆርጣለች። ሰላም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ቀና አላለችም።

ጋሽ ባዬ ወንበሩን በኩታቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። ት/ቤት ተጠርተው ነበር ትናንት። አቶ ደመላሽ የነገራቸውን ያህል ያውቃሉ፣ የኔን ግን አያውቁም። ነገርኳቸው። መስኮቱን፣ መቅረጫውን፣ ዕቁቡን፣ እንዳትናገሪ ማለቴን፣ ዝውውሬን፣ እናቴን ሁሉ። ስናገር መኪናውን ይረግጡ ነበር። እንዳትናገሪ ያልኳት ላይ ስደርስ እግራቸው ቆመ።

«አይተዋት ነው ሞጣ የወሰዷት?»

አዎ አልኩ።

ቀና ብለው ወረቀቱን አዩት። «እኔ'ኮ ገበያተኛውን ሁሉ አስነብቤበታለሁ፣ መምህርት። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የመጣውን ሰው ሁሉ እስቲ አንብቡልኝ እላለሁ» አሉ። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ ጠየቁኝ። «አሁን ላውርደው ወይስ ልተወው? እርስዎ ይንገሩኝ። መምህሯ እርስዎ ነዎት።»

የማስተማር ዘመኔን በሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ይቅርታ ብቻ አልኩ። ሰኞ ሰልፍ ላይ ሁሉንም በሕዝብ ፊት እናገራለሁ አልኩ። ይናገሩ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ልጄን ዳግመኛ ከፊት እንዳያቆሙብኝ።»

ስነሳ ይታይሽ መቀሱን አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ሳጥኑ ተገኘ ወይ አለች። አልተገኘም አልኳት። ወደ ክሯ ተመለሰች።

ኅዳር 28፣ እሁድ

አቶ ደመላሽ ቤት ሄጄ ነገርኩት። ሰልፍ ላይ ሰው ሳይሰማኝ በፊት ይወቅ ብዬ። አልተቆጣም፣ ያዘነ ይመስላል። ቪዲዮው አለ። የዞን ሰዎች አሉ። እስከ ሐሙስ ብቻ ታገሺ አለ። እኔም ለልጅቱ ልክ እንዲህ ነበር ያልኳት፣ ከሞጣ እስክንመለስ። እምቢ አልኩ። እንግዲያው የድጋፍ ደብዳቤውን መልሼ መጠየቄ አይቀርም አለ። ይገባዋል።

ለእናቴ ደወልኩ። ዘንድሮ አልመጣም አልኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት። ቀለበቷን በጣቷ ስታዞር ይታየኛል፣ የለመደችው ነው። እትዬ ዘሐራ አሉልኝ፣ አታስቢ አለች። ድምጿ ግን ያዘነ ነበር። የምትናገረው ለኔ ብላ እንጂ እውነቷን አይደለም።

ተቆጨሁ። ዝውውሩንም የልጅቱን አመኔታም ስላጣሁ አይደለም፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ለማግኘት መፈለጌ ነው የሚቆጨኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ደግሞ መልቀሙንም አልቻልኩበት።

የሚሆነውን ነገ እጽፍልሻለሁ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ። መምህራን ማረፊያ

ማይኩ ዛሬ ሠራ። ዛሬ ብቻ።

ይታይሽ መጥታለች። አባቷ በር ድረስ አምጥተዋታል፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አየኋቸው። 5ኛ «ለ» ሰልፍ ጫፍ ላይ ነች፣ የመጨረሻዋ።

ባንዲራ ወጣ። «የጠፋ ዕቃ ያገኘ?» አላልኩም። ተናገርኩ። የማንንም ልጅ ስም አልጠራሁም። አንድ ልጅ ያላደረገውን መልካም ነገር አድርጓል ተብሎ እንዲሸለም አደረግሁ፣ እያወቅሁ፣ ለራሴ ጥቅም ብዬ አልኩ። ያ ልጅ ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ አልኩ። ዕቃ ያለው ብቻ የሚጨበጨብለት ጨዋታ ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ። ሌባ የሚባል ሰው ከተፈለገ ወደዚህ ተመልከቱ አልኩ። ይቅርታ አልኩ። ረጅም አልነበረም።

ያን ሁሉ ልጅ እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። አቶ ደመላሽ መሬት መሬት ያያል። ተሳካ መሰለኝ፣ የገባቸው መሰለኝ።

ከዚያ ከአራተኛ ክፍል ሰልፍ አንድ ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ቀጥሎ ሁሉም። ቤዛም። ፈገግ ብለው፣ ከልባቸው፣ ደስ ብሏቸው። አንድ ሰው ከፊት ወጥቶ ሲናገር የሚደረገው ይኸው ነው፣ አስተምሬያቸዋለሁ። እጄን አነሳሁ፣ ተዉ ለማለት። ጭብጨባው ባሰ።

ይታይሽ ብቻ አላጨበጨበችም። እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከታ ቆማለች። ታየኛለች።

ደወል ተደውሏል። ከነገ ጀምሮ ሰልፍ ላይ አልወጣም፤ ይህን ወስኛለሁ። ጭብጨባ አይኖርም፣ ቪዲዮ ቢመጣም ባይመጣም። አሁን 5ኛ «ለ» ነው ክ/ጊዜዬ። ገብቼ ከፊት አልቆምም። መጨረሻ ወንበር፣ እሷ አጠገብ እቀመጣለሁ። እስክሪብቶ እንዳላት አያለሁ። ከዚያ ምን እንደምላት ገና አላወቅሁም፣ ምናልባት ስለ እናቴ ቀለበት ቀስ ብዬ አመሰግናት ይሆናል።